እመቤት ሺህመልክ በገዛ እጃቸው እንቁላል የጠበሱበት ዕለት ዜና

ከመጀመሪያው ሬሳነታቸው ሲቆጠር በሃያ ሁለተኛው ዓመት፣ ከዳኝነታቸው በዘጠነኛው፣ ከአውሮፕላን አብራሪነታቸው በአራተኛው፣ በዘመነ ምስኪን እናት በሦስተኛው ወር፣ ዕለቱ ረቡዕ ሰዓቱም ከጠዋቱ ሦስት ሲሆን፣ የስክሪኑ ፀሐይ፣ የድራማው ዓምድ፣ አንዲት ሲሆኑ ብዙ የሆኑት እመቤት ሺህመልክ ለቀረጻ ወደተሰናዳው ወጥ ቤት ገቡ፤ ገብተውም በጠረጴዛው ላይ፣ በነጭ ሳህን፣ ሁለት የተጠበሱ እንቁላሎችና ሁለት ቁራሽ ዳቦ አዩ፤ አይተውም፣ ከሦስት ወር ቸልታ በኋላ እነዚህ ሰዎች ክብሬን አውቀው ቁርስ አቀረቡልኝ ብለው ደስ አላቸው፤ ተቀምጠውም በሉ።

ሳህኑን ያስቀመጠችው የቀረጻ ዕቃ ያዥዋ በምድጃው አጠገብ ቆማ ታያቸው ነበር። በዕለቱ ድርሰት ላይ ምስኪኗ እናት ከእንቁላሉ ጥቂት ቀምሳ የቀረውን ለልጆቿ ታካፍላለች የሚል ስላለ፣ እመቤት የሚለማመዱ መሰላት። አቀማመሳቸው እውነት ይመስላል ብላም በልቧ አደነቀች። ሁለተኛው እንቁላል ሲጋመስም ማድነቋን አልተወችም። ሳህኑ በዳቦ ተጠርጎ ሲያበራ ግን ልምምዱ ትንሽ እንደ በዛ ተሰማት። እመቤትም አፋቸውን ጠርገው፣ በሚቀጥለው ጨው ጨመር አድርጊበት ብለው አዘዟት፤ ሄደውም ፀጉራቸውን ሊሠሩ ተቀመጡ።

ለቀረጻው ተጠብሰው የተሰናዱት እንቁላሎች እነዚያ ብቻ ነበሩ። ታላቁ ገድል የተጀመረው በዚህ ነው።

ይህ ጽሑፍ እመቤትን ላላያቸው ለመጪው ትውልድ ጭምር ስለሆነ፣ ዘመናታቸውን በአጭሩ መዘርዘር ይገባል። በዘመነ ሬሳ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው፣ አንሶላ ተከናንበው ለአርባ ሰከንድ ተኙ፤ በሠላሳኛው ሰከንድ ተንፍሰዋል የሚሉ አሉ፣ አልተነፈሱም የሚሉም አሉ፤ እኛ ግን አንሶላው ሲነሣ አይተናል። ወእምዝ ዘመነ ሙሽራ ሆነ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ተሞሸሩ፣ ስድስቱን ጥለው ሮጡ፣ ሰባተኛው ራሱ ሮጠ። ወእምዝ ዘመነ ሐኪም ሆነ፤ ሃምሳ ሁለት ክፍል በፈጀ የቴሌቪዥን ድራማ ልብ ቀደዱ፣ ልብ ሰፉ፣ ከባላቸው በቀር አንድም ሰው አልሞተባቸውም። በዘመነ ዳኛ አሥራ አንድ ወንጀለኛ አሠሩ፣ አሥራ ሁለተኛውን አገቡ። በዘመነ መነኩሲት፣ ዘውእቱ አንድ ክረምት ብቻ፣ ዓለምን ንቀው ሹራብ ሠሩ። በዘመነ ሰላይ ምሥጢር ጻፉ፣ ምሥጢር አቃጠሉ። በዘመነ አብራሪ ሞተሩ የጠፋበትን አውሮፕላን መቶ አርባ መንገደኛ እንደጫነ በዝግታ አሳረፉ፤ ከወረዱም በኋላ ሊፕስቲካቸው አልተነካም ነበር።

በዚህ ሁሉ ዝናቸው ከፍ ከፍ አለ። በጋዜጣ ላይ የሚጽፉ ሰዎች፣ እኚህ ሴት ተዋናይት አይደሉም፣ ራሳቸው ሙያ ናቸው ብለው ጻፉ። በመንገድ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ መኪናቸው መስኮት እያቀረቡ ጉሮሮውን እዩልኝ ይሏቸው ነበር፤ እመቤትም ዝቅ ብለው ያዩ ነበር፤ ደህና ነው፣ ትንሽ ቀላ ብሏል ይሉም ነበር።

የሙያዎቹ ሁሉ እጅ ግን የዕቃ ያዥዋ ነበር። የአሠራሩ ልማድ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ካሜራው የእመቤትን ፊት ይቀርጻል፤ ፊታቸው ወደ ታች ያያል፣ ግንባራቸው ይቋጠራል፣ ትንፋሻቸው ይሰማል። ከዚያ ዳይሬክተሩ “እጅ!” ብሎ ይጣራል። እመቤት ተነሥተው ወደ ወንበራቸው ሲሄዱ ዕቃ ያዥዋ ትመጣለች፣ በእመቤት ልብስ ቀለም ለብቻው የተሰፋ እጅጌ እስከ ትከሻዋ ታጠልቃለች፣ ካሜራው ጠጋ ይላል፣ ቁስሉ ይሰፋል። ወይም ፍርዱ ይፈረማል። ወይም አውሮፕላኑ ያርፋል። ከዚያ እጅጌዋን አውልቃ አጥፋ፣ በአንድ ካርቶን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። በዚያ ካርቶን ውስጥ የአሥራ አራት ዓመት እጅጌ ነበረ፤ የነጭ ጋውን፣ የዳኛ ካባ፣ ባለ አራት ወርቃማ መስመር የአብራሪ ኮት፣ የመነኩሲት ቀሚስ፣ የአራት ሙሽራም ጭምር፤ አንዳቸውም ደረትና ጀርባ የላቸውም።

ስሟ በአንድም ፊልም ላይ አልወጣም። በመጨረሻ በሚያልፈው ዝርዝር ውስጥ የሚጻፈው “የስቱዲዮው ሠራተኞች በሙሉ” የሚል ነበር፤ በሙሉ ውስጥ እሷም አለች።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ዳይሬክተሩ ባዶውን ሳህን ባየ ጊዜ አስቀድሞ ጭንቅላቱን ያዘ፣ ቀጥሎም ሐሳብ መጣለት፤ ይህ ሰው ሐሳብ የሚመጣለት ዕቃ ሲጠፋ ነውና። በወጥ ቤቱ መካከል ቆሞም እንዲህ ሲል አወጀ፦

“ስሙ። እንቁላሉ ተበልቷል፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል። የተጠበሰውን ማሳየት ቀርቶ ሲጠበስ እናሳያለን፤ ከሚሰበርበት ጀምሮ ሳህን ላይ እስኪወጣ፣ ጠጋ ብለን፣ ሳንቆርጥ። ያቺ ድሃ እናት ያላት አንድ እንቁላል ነው፤ ሰው እጇን አይቶ ያልቅስ። በሉ፣ እጅ!”

ሠላሳ እንቁላል ከሱቅ መጣ። ዕቃ ያዥዋም የምስኪኗን እናት ቡናማ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ እጅጌ አመጣች፤ አንዱን እጇን አስገባች፤ ከዚያ መልሳ አወጣችና እጅጌውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

የዚህን ምክንያት ከቤቱ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሴትየዋ ክረምት ከበጋ ዕቃ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ አልቆ ነበር፤ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ደግሞ ለካሜራ የሚሠራ የእጅ ሥራ የሚያስተምር ሰው ይፈለጋል ተብሎ ማስታወቂያ ወጥቶ፣ አመልክታ፣ ተፈትና፣ ከሁሉም በልጣ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጎደላት። እነዚህ እጆች የአንቺ ለመሆናቸው ስምሽ ያለበትና የተፈረመበት ማስረጃ አምጪ፣ እስከ ዓርብ ካላመጣሽ ለሁለተኛዋ እንሰጣለን አሏት። ማስረጃ ፈልጋ የአሥራ አራት ዓመት ፊልም መረመረች፤ ያገኘችው “በሙሉ” የሚለውን ነው። የምስኪን እናት ድራማ የስም ዝርዝር ደግሞ በዚያው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተፈርሞ ወደ ኤዲተሩ ሊሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ዓርብ የሚቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ የሆነውን አዋጇን እጆቿን እያየች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ ስትል አወጀች፦

“ጋሼ፣ እሠራለሁ። ግን ዛሬ ስሜ ዝርዝሩ ላይ ይግባልኝ። እስከ ዛሬ ጠይቄ አላውቅም።”

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰነፍ ብቻ ነበር፤ ይህን ያህል ጊዜ እንዳልተጻፈ እንኳ አያውቅም። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ “እጅ” ብሎ ጻፈ፣ ሁለት ነጥብም አኖረ፣ ስሟንም መጻፍ ጀመረ።

የእመቤት ታናሽ እህት፣ እሷም የሥራቸው ማናጀር፣ ይህን አየች፤ ሮጣም ለእመቤት በጆሯቸው ነገረች። በእመቤት ውል ውስጥ፣ እሳቸው በሚጫወቱት ገጸ ባሕርይ ላይ የተሳተፈ የሌላ ሰው ስም ያለ ፈቃዳቸው አይጻፍም የሚል አንቀጽ ነበረ፤ አንቀጹን ያስገባችው ራሷ እህቲቱ ናት። እመቤትም ግማሽ ፀጉራቸው ተተኩሶ ግማሹ ሳይተኮስ ተነሡ፤ ወደ ወጥ ቤቱም መጥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

“ምን ማለት ነው? ሰው ይህን ሲያነብ ምን ሊል ነው? እኔ እጅ የለኝም? አምጡ እንቁላሉን፣ ራሴ እጠብሳለሁ።”

ዳይሬክተሩ በእመቤትና በዕቃ ያዥዋ መካከል ቆሞ ለትንሽ ጊዜ አሰበ፤ ያሰበው ግን ስለ ውሉ ነበር። መስመሩን ሰረዘው። ዕቃ ያዥዋም እጅጌውን አጥፋ ወደ ካርቶኑ መለሰች፣ ሄዳም ከግድግዳው ጋር ቆመች።

ወእምዝ እመቤት ሺህመልክ ወደ ምድጃው ዘመቱ። አብረዋቸው የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ ስልካቸውን የምትይዝ ታናሽ እህታቸው፤ ፀጉር ሠሪያቸው፣ መተኮሻውን እንደያዘ፤ ሜካፕ ሠሪዋ፣ ብሩሾቿን በወገቧ ታጥቃ፤ ውኃቸውን የሚይዝ፤ ውኃቸው እንዳይሞቅ ጥላ የሚይዝ፤ ሾፌራቸው፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረው፤ አንድ ወፍራም ሰውም ነበረ፣ ከዘመነ ሙሽራ ጀምሮ ሳይለያቸው የሚከተላቸው፣ ሥራው ምን እንደሆነ ግን እስካሁን ያልታወቀ። ወጥ ቤቱ አራት ሜትር በሦስት ነበር።

በመጀመሪያ ከእሳት ጋር ገጠሙ። ክብሪቱን ለመጫር ሦስት እንጨት ሰበሩ፣ አራተኛው ሲበራ ደንግጠው ጣሉት፣ አምስተኛውን ሾፌሩ ጫረላቸው፤ ለካ ሾፌሩ ጉዳይ ነበረው። በዘመነ ሰላይ ስንት የምሥጢር ወረቀት እንዳቃጠሉ የሚያስታውሱ የመብራት ሠራተኞች እርስ በርስ ተያዩ።

የመጀመሪያውን እንቁላል በሁለት ጣታቸው አንሥተው የመጥበሻውን ጠርዝ ቀስ ብለው መቱት፤ አመታታቸው የትልቅ ሰው ቢሮ በር እንደሚያንኳኳ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር፤ የመለሰላቸው የለም። ደግመው መቱ፤ አልተከፈተም። በሦስተኛው ቆረጡ፤ እንቁላሉም በእጅጌያቸው ውስጥ እስከ ክርናቸው ወረደ። ሁለተኛው ከመጥበሻው ውጭ ወደቀ። ሦስተኛው መጥበሻው ውስጥ ወደቀ፣ ቅርፊቱም አብሮ። አራተኛው ገና ሳይመታ በጭንቀት ጨብጠውት በመዳፋቸው ውስጥ ፈነዳ፤ በዚህ ጊዜ እመቤት አለቀሱ፤ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫቸውም ቀላ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ጠብታ መድኃኒት የፈሰሰ እንባ ይህ ብቻ ነው፤ ካሜራው ግን ጠጋ ብሎ እጃቸውን ይቀርጽ ስለነበር ሳይመዘገብ ቀረ።

ስድስተኛው ከተበላሸ በኋላ ጥፋተኛ ይፈለግ ጀመር። እመቤት፣ እንቁላሉ የቆየ ነው አሉ፤ ሌላ ተመረጠ። መጥበሻው ያዘነብላል አሉ፤ ከሥሩ ወረቀት ተደረገ። መብራቱ ዓይኔን ያሳምመኛል አሉ፤ መብራቱ ዞረ። በመጨረሻም ደርሰውበት እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

“እናንተ እያያችሁኝ እንዴት አድርጌ ልሥራ? ሁላችሁም ፊታችሁን አዙሩ።”

ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ። ዳይሬክተሩ ቁም ሣጥኑን፣ የድምፅ ሠራተኛው ማቀዝቀዣውን፣ የመብራት ሠራተኞቹ የውኃ ቧንቧውን፣ ያ ወፍራም ሰውም በሩን እያዩ ቆሙ። ካሜራማኑ ብቻ በአንድ ዓይኑ እንዲያይ ተፈቀደለት። ከበስተኋላቸው የሚመጣውን ድምፅ እየሰሙ፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው እያሉ ቆጠሩ። አሥረኛው ቢጫው ሳይፈስ መጥበሻው ውስጥ ገባ፤ ነገር ግን ማገላበጫውን ሲያነሡ በጀርባው ስላነሡት እንቁላሉ ወደ ግድግዳው ሄደ። አሥራ አንደኛው ነደደ። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስድስት ያለውን እዚህ መጻፍ ዕለቱን ያረዝማል። የወደቀውን ከመሬት የሚጠርገው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለማንም ሳይሆን ለመጥረጊያው፣ ዶሮዋን ራሷን ብናመጣት ይቀል ነበር ሲል ተሰማ፤ ማንም እንዳይስቅ ሁሉም ግድግዳውን ይበልጥ ተጠጋ።

ዕቃ ያዥዋም ፊቷን እንዳዞረች ከግድግዳው ጋር ነበረች። እያንዳንዱ እንቁላል ሲሰበር ድምፁን ትሰማለች፤ በድምፁም ምን እንደተበላሸ ታውቃለች። ይህ ሥራ ከተሳካ ስሟ እንደማይጻፍ ታውቃለች፤ ካልተሳካ ተስፋ አላት። ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቀረጻ እንዳይበላሽ ስትጠብቅ የኖረች ሰው ናትና፣ አሥራ ዘጠነኛው ሲበላሽ አላስችል አላት፤ ሳትዞር፣ ለግድግዳው፣ “መሃል ወገቡን ነው እትዬ፤ ጫፉን አይምቱት” አለች።

እመቤት አልሰሙም። የእመቤት ክብር እንዲህ ያለውን አይሰማም። ሃያኛውን ግን መሃል ወገቡን መቱት።

ተሰበረ። ወደቀ። ቢጫው በነጩ መካከል ክብ ሆኖ ተቀመጠ። ጠርዙ ጠበስ ጠበስ አለ፣ ማገላበጫው በሆዱ ገባ፣ እንቁላሉ ወጣ፣ በሳህኑም ላይ ዐረፈ፤ ሰዓቱም ሰባት ከሩብ ነበር። ካሜራማኑ ያዘው ብሎ ጮኸ። ሁሉም ከግድግዳው ዞሩ፣ አጨበጨቡም፤ እህቲቱ ታሪክ ተሠራ ብላ በስልኳ ለሕዝቡ አሳወቀች፤ ውኃ ያዡ ውኃ አቀረበ፤ እመቤትም እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ ፎቶግራፍ እስኪነሣ ድረስ ሳያወርዱ ቆዩ። ዕቃ ያዥዋ አላጨበጨበችም። የቆሸሹትን ሳህኖች መሰብሰብ ጀመረች።

የተቀረጸውንም ለማየት በትንሹ ስክሪን ዙሪያ ተሰበሰቡ። አንድ ጊዜ አዩት፤ እመቤት ደገሙት አሉ፤ ሁለተኛ አዩት። በዚያ ቤት ውስጥ አንዲት የትዕይንት መዝጋቢ ነበረች፤ ሥራዋ ዛሬ የተቀረጸው ትናንት ከተቀረጸው ጋር መመሳሰሉን በደብተር መከታተል ነው፤ ድራማው ከተጀመረ ወዲህ አራት ቃል ያህል ተናግራ ይሆናል። ደብተሯን ገለጠች፣ ጉሮሮዋንም ጠረገች።

“ክፍል ሁለት ላይ የልጁን ቁልፍ የሰፋው እጅ” አለች፣ “ግራ አውራ ጣቱ ሥር የእሳት ጠባሳ አለው። ይሄኛው የለውም።”

ሁሉም እንደገና አዩ። ክፍል ሁለት ላይ ያለውም ወጥቶ ጎን ለጎን ታየ። ከዚያ በፊትም በዘመነ ሐኪም፣ በዘመነ ዳኛ፣ በዘመነ አብራሪ ያ ጠባሳ እንደነበረ አንድ በአንድ ታወሳቸው፤ ለካ ሕዝቡም ያንን እጅ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲያይ፣ ሲያምን፣ ሲሰፋለትና ሲፈረድለት ኖሯል። ካሜራማኑ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ ፍርዱን ሰጠ፦

“ጠባሳው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ይሄ እጅ የእሳቸው አይመስልም።”

በዓለም ላይ ካሉ እጆች ሁሉ ከትከሻቸው ጋር የተያያዙት ሁለቱ ብቻ ለእመቤት የማይመስሉ ሆነው ተገኙ። እመቤትም በከመ ልማዶሙ ለነገሥት፣ ሽንፈትን ባለመቀበል፣ ጠባሳው ይሣልልኝ ብለው አዘዙ።

ሜካፕ ሠሪዋ እመቤትን አስቀመጠች፤ ስትሥል የምታየው ስለሚያስፈልጋት ዕቃ ያዥዋንም ጠርታ አስቀመጠች። ሁለቱ ግራ እጆች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተዘረጉ፤ አንደኛው ለስላሳ፣ ጥፍሩ የተሞረደ፣ እንቁላል የደረቀበት፤ ሌላው ጥፍሩ ያጠረ፣ ቆዳው ሻካራ፣ ጣቶቹ ረጃጅም። በሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ ውስጥ የእመቤት እጅ የእመቤትን እጅ ያገኘው ያን ዕለት ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። እመቤት አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንዴት ነው የተቃጠልሽው ብለው ጠየቋት። ዕቃ ያዥዋም፣ በእርስዎ ሠርግ ነው አለች፤ አራተኛው ሠርግ ላይ ኬኩ ላይ ያለው ሻማ። እመቤትም፣ አዎ፣ ቆንጆ ትዕይንት ነበር አሉ።

ጠባሳው በሙጫና በቡናማ ቀለም ተሠርቶ አለቀ፤ ከእውነተኛው ይበልጥ ያምር ነበር። እመቤት ዳግመኛ ዘመቱ፤ ሃያ አንደኛውን እንቁላል መሃል ወገቡን መቱት፤ ተሰበረ፣ ገባ። ነገር ግን የዘይቱ እንፋሎት ወጣ፤ ሙጫው ሞቀ፤ ጠባሳው ከአውራ ጣታቸው ሥር ተንሸራተተ፣ ለትንሽ ጊዜ ተንጠለጠለ፣ ወደ መጥበሻውም ወርዶ ከእንቁላሉ ጋር አብሮ ተጠበሰ።

የሳቀ ሰው የለም። መሳቅ የሚቻልበት ሰዓት አልፎ ነበር፤ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ፣ ቀረጻው ሁሉ የተመሠረተበት፣ ከግድግዳው ወርዶ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደርሷል፤ ግማሽ ሰዓት ቢቀረው ነው። ወጥ ቤቱን ለቀረጻ ያከራየችው የቤቱ ባለቤትም ነገ ጠዋት እፈልገዋለሁ ብላለች። ዳይሬክተሩም እመቤትን ሳያይ፣ “እጅ!” ሲል ተጣራ።

የመጣ የለም። ዕቃ ያዥዋ መታጠቢያው ጋ ቆማ ሃያ አንድ እንቁላል የጠጣውን መጥበሻ ታጥብ ነበር። ዳግመኛ ተጣራ። ውኃውን ዘጋች። እጆቿን በፎጣ፣ ጣት በጣት፣ አደረቀች። ከዚያ መጥታ በጠረጴዛው ማዶ ቆመች።

“ወረቀቱ ይቅደም” አለች።

እህቲቱ መሃል ገባች፤ ለሁሉም የሚስማማ መንገድ አለኝ ብላ፣ “የእመቤት የእጅ አማካሪ” ተብሎ ይጻፍላት አለች። ዕቃ ያዥዋ አንገቷን ነቀነቀች። እንግዲያው “ልዩ ምስጋና” በሚለው ሥር ይግባ፣ ከሆቴሉና ከአበባ ሻጩ ጋር፣ አለች። ይህንንም አልተቀበለችም። ድምፅዋ ከጠዋቱ አልጨመረም፦

“እጅ ብላችሁ ጻፉ። ሌላ ስም አልፈልግም፤ ሥራው እሱ ነው።”

ሁሉም ወደ እመቤት አየ። እመቤት ወደ ፀሐዩ አዩ፤ ፀሐዩ ከጠረጴዛው ሊወርድ ነው። ወደ መጥበሻው አዩ፤ ጠባሳቸው እዚያ ነበር። ወደ ስክሪኑም አዩ፤ እዚያ ጎን ለጎን ከቆሙት ሁለት እጆች ሕዝቡ የእሳቸው ብሎ የሚያውቀው ባለ ጠባሳውን ነው። ብዕር አምጡ አሉ። በዘመነ ዳኛ አገር ያወቀው ፊርማ የዕቃ ያዥዋ ነበርና፣ እመቤት በወረቀቱ ላይ ያኖሩትን ይህን ፊርማ አይቶ የለየው የለም፤ ሕጋዊ ግን ነበር። ከሥሩ ዳይሬክተሩ ፈረመ። ስሟ የገባው በመጨረሻው መስመር፣ ከጄኔሬተር ጠጋኙ በታች ነው። ዕቃ ያዥዋ ከላይ እስከ ታች አንብባ፣ በስልኳም ፎቶ አንሥታ፣ እጅጌዋን አጠለቀች።

ከዚህ በኋላ እንቁላሉን በአንድ እጇ ሰበረች፣ ጠበሰች፣ ሳህን ላይ አወጣች፤ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ያለ አንዳች ችግር ስለተፈጸመ ለታሪክ የሚሆን ነገር አልተገኘበትም።

ድራማው ታየ፤ ሕዝቡም አለቀሰ። ጋዜጦቹ፣ በዚህ ትዕይንት የእመቤት ፊት እንኳ አይታይም፣ እጃቸው ብቻውን ተወነ ብለው ጻፉ። በቴሌቪዥን ቀርበው ስለዚያ እንቁላል ሲጠየቁም፣ ለዚያች አንዲት ደቂቃ ሃያ አንድ እንቁላል ሰብሬያለሁ አሉ፤ ይህም ከተናገሩት ሁሉ እውነት የሆነው ነው። ሽልማቱን ሲቀበሉ ዋንጫውን ያነሡበት እጅ ላይ ከአውራ ጣታቸው ሥር ትንሽ ጠባሳ ታየ፤ በዚህ ጊዜ የማይለቅ ሙጫ ተገኝቶ ነበር።

እንግዲህ ምስጋና ለእመቤት ሺህመልክ ይሁን፤ ሬሳ ሆነው ላልተነፈሱት፣ ቢተነፍሱም ላልታወቀባቸው፤ መርፌ ሳይነኩ ልብ ለሰፉት፤ ብዕር ሳይጨብጡ ለፈረዱት፤ መሬት ሳይለቁ አውሮፕላን ላሳረፉት፤ ክር ሳያጠነጥኑ ለመነኮሱት። የሰው ልጅ በሁለት እጁ አንድ ሙያ ለመያዝ ዕድሜውን ሲጨርስ፣ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ሁሉንም ይዘዋል። ስማቸው በዝርዝሩ አናት፣ በትልቁ፣ ለአምስት ሰከንድ ይኑር፤ ከስማቸው በታች ያሉት ሁሉ በፍጥነት ይለፉ፤ ሃያኛዋም እንቁላል፣ በእውነት በገዛ እጃቸው የተጠበሰችው፣ ያ ወፍራም ሰው በቆመበት የበላት፣ እሷም የታሪክ ድርሻዋን ታግኝ።

ዕቃ ያዥዋ የተፈረመውን ወረቀት ኮፒ አድርጋ ዓርብ ጠዋት ለማሠልጠኛው አስገባች፤ ወሩ ሲያልቅ ሥራዋን ለቃ ማስተማር ጀመረች። እመቤት ሺህመልክ በሚቀጥለው ፊልም የጥርስ ሐኪም ሆነው እንዲሠሩ ተዋውለው ነበር፤ ቀረጻው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ድርሰቱ ተቀየረና ታካሚዋን ሆነው ሠሩ።